ትንፋሽ ያጠረው ሞተር

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ባለሙያ ደጁን እንዲረግጥ የማይፈቅድ ባል። ቧንቧ ሲፈስ ቧንቧ ሠሪ ነው፣ ጣሪያ ሲያፈስ አናጢ ነው፣ ጥርሱን ቢያመው እንኳ ካቻቢቴ ያነሳል። ሥራውን ደግሞ አንድም ቀን "አለቀ" አይልም። "አንዲት ነገር ብቻ ቀርታኛለች" ነው የሚለው፤ ያቺ አንዲት ነገርም ከሚስቱ ጋር አብራ ታረጃለች።

የሰፈራችን የልብስ ሰፊዋ ዕጣ እንዲህ ባለው ባል ላይ ወደቀ፤ ያውም በባሰበት ላይ። ባሏ ፋርማሲስት ነበር። በነጭ ጋውን ክኒን ሲቆጥር የዋለ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ቱታ ለብሶ የቤቱን ዕቃ ይፈታታል። እሱ የገጠመው የበር ደወል ሲጫን የኩሽናው መብራት ይጠፋል፤ ሚስቱ እንግዳ መምጣቱን የምታውቀው በጨለማው ነው።

ጡረታ ሲወጣ አውሮፕላን ልሥራ አለ።

"የምን አውሮፕላን?"

"ሁለት ሰው የሚይዝ። እኔንና አንቺን። ሰማይ ላይ ሳላወጣሽ አልሞትም።"

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ጋራዡ ውስጥ ክንፍ ሲበቅል ግን ሳቋን ዋጠችው። የክንፉን ጨርቅ የሰፋችውም ራሷ ናት። ሰፈሩ ባሏን "ክቡር ካፒቴን" ብሎ ሾመው። ክቡርነታቸው እስከዚያ ድረስ ከመሬት ከፍ ያሉት መሰላል ላይ ሲወጡ ብቻ ነበር።

ሞተሩ ከተጋጨ መኪና የወጣ ሮታሪ ነው፤ ፒስተን የለውም፣ በውስጡ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል። ያቺ የቀረችው አንዲት ነገር እዚህ ላይ ነበረች። ከቃጠሎው የሚያመልጠው ጋዝ የዘይቱ ቋት ውስጥ ይጠራቀማል፤ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በየመጋጠሚያው ገፍቶ ያስተፋዋል። ካፒቴኑ የመተንፈሻ ቱቦ ቀጠለለት። ቱቦውን ወደ ታች ቢያወርደው የአውሮፕላኑ ሆድ በዘይት ታጠበ። ወደ ጎን ቢያዞረው ደግሞ ሚስቱ ሰፍታ ግቢው ውስጥ የሰቀለችው የሙሽራ ቀሚስ ዘይት ተረጭቶበት ነብር መሰለ።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን እንደ አዲስ ሰፋች፤ ባሏን ግን እስከ ሠርጉ ዕለት አላናገረችውም። ያናገረችውም "ወይ ሞተርህ ይተንፍስ፣ ወይ እኔ ልተንፍስ!" ለማለት ነው።

ከዚያ ካፒቴኑ ሻይ ከብርጭቆው ውጪ መቅዳት ጀመረ። ሰው ሲያናግር ፊቱን ሳይሆን ጆሮውን ያይ ነበር። የዓይን ሐኪሟ መሀል ለመሀል የሚያይበት የዓይኑ ክፍል እንደሞተ፣ ዳር ዳሩ ብቻ እንደቀረው ነገረችው።

"ማብረርስ?" አለ።

ሐኪሟ እጁን ያዘችው።

ጋራዡን ዘጋው። ጸጥታ ስትመኝ የኖረችው ሚስት፣ ሲመጣላት የምትገባበት ጠፋት። ቤቱ ድምፅ እንዲኖረው ብላ የስፌት መኪናዋን ያለ ጨርቅ ትረግጥ ጀመር።

በኋላ፣ እርሻ ላይ መድኃኒት የምትረጭ አንዲት ወጣት አብራሪ አውሮፕላኑን ልውሰደው ብላ መጣች። ካፒቴኑ እሺ ብሎ ሲያበቃ በማግስቱ ሐሳቡን ቀየረ።

"ሞተሩ ሳይተነፍስ አልሰጥም። ዘይቱ መስታወቷ ላይ ቢረጭ ዓይኗን የጋረድኳት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ማን ይሥራው?" አለች ሚስቱ።

"እኔ እንጃ።"

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሰብስባ አውሮፕላኑ ሥር ገባች። "በል ንገረኝ" አለች ተንጋልላ።

"ቱቦውን ከላይ ጀምረሽ በጣትሽ ተከተይው።"

"ተከተልኩ... እዚህ ጋ ሆድ አውጥቷል።"

"ምን አልሽ?"

"መሀሉ ረግቧል እኮ! ውስጡ ውሃ አለ መሰለኝ፣ ሳነቃንቀው ይንቦጫረቃል።"

ካፒቴኑ ግድግዳውን ያዘ። ያ ውሃ ነበር የጋዙን መንገድ የዘጋው። "ዓይኔ እያለ" አለ፣ "ጫፍ ጫፉን ብቻ ነበር የማየው።"

ውሃው ሳይጠራቀም ቁልቁል እንዲፈስ ቱቦውን ወጥራ አሰረችው። ከፍታ ላይ ጫፉ በበረዶ ቢደፈን የሚተነፍስበት እንዲያገኝም፣ እሱ እንዳላት ቱቦው ላይ፣ በሞተሩ ሙቀት በኩል ትንሽ ቀዳዳ በሳችለት። ሞተሩን አስነሥተው እስኪበቃቸው አስጮኹት። ሲያጠፉት የባሏን እጅ ወስዳ በአውሮፕላኑ ሆድ ላይ አስኬደችው። ደረቅ ነበር። ካፒቴኑ እጁን ሳያነሳ አለቀሰ።

አየር ሜዳው ላይ አብራሪዋ "ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎን ላውጣዎት" አለችው።

"እሷን አውጪልኝ፤ ቃል የገባሁት ለሷ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ተለየች። አውሮፕላኑ ዞሮ ሲመለስ ቁልቁል አየችው። ሣሩ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ሁለት እጁን ያወዛውዛል፤ ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ፣ ምንም ወደሌለበት ሰማይ። እሷም እስኪርቅባት ድረስ እጇን አወዛወዘችለት።

ስትወርድ "አየሽኝ?" አላት።

"አየሁህ።"

"እጄን አወዛወዝኩልሽ እኮ!"

"አየሁህ አልኩ እንጂ። ፊት ለፊት ነበር የምታየኝ።"

"በድምፁ ነው የያዝኩሽ" አለ ኮራ ብሎ።

ክንዷን አቀበለችው፤ በሣሩ ላይ ቀስ እያሉ ሄዱ።