የአያቱን ስም ጠየቅኸው?

እኛ ጎንደሬዎች ሰውን ለማወቅ አንቸኩልም። ደኅና ዋልህ ከተባባልን በኋላ የማን ልጅ እንደሆንህ እንጠይቅሃለን። አባትህን ስትነግረን አያትህን፣ አያትህን ስትነግረን አገሩን፣ አገሩን ስትነግረን ደግሞ እዚያ የምናውቀውን አንድ ሰው አንሥተን «የእሱ ምኑ ትሆናለህ?» እንላለን። አንተ መኪና እያመለጠህ ነው። እኛ ገና መጀመራችን ነው። በወጣትነቴ ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ኮምፒዩተር የተማርሁበት ግማሹ ምክንያት ከዚህ ጥያቄ ለመሸሽ ይመስለኛል፤ ማሽን አያትህን አይጠይቅም ብዬ።

ተሳስቼ ኖሯል። ማሽንም ይጠይቃል። ኮምፒዩተሮች በገመድ ተያይዘው ሲነጋገሩ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ገመዱ የሚሰካበት የኔትወርክ ካርድ አለ። ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ስድስት ክፍል ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። የፊተኞቹ ሦስቱ ሠሪውን ይናገራሉ፤ የኋለኞቹ ሦስቱ የራሱ ናቸው። በገመዱ መልእክት በመጣ ቁጥር ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም «ይህ ለማን ነው?» ብሎ ስድስቱንም ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ ያወዳድራል። ከኛ የሚለየው ወሬ ስለማይጨምርበት ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን የምሠራው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነበር፤ ስሙ ይቅርብን፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነበሩን፤ ቀርፋፋነታቸው የሚያስለቅስ። መዝገብ ክፍል የሚሠሩት እትዬ ዘይነባ ነበሩ። እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ ከኖሩ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸውና፣ አባታቸው ደንበኛን በሰባት ቤት ዘመዱ እንደሚያውቁት እሳቸውም በሽተኛውን እንዲያ ያውቁታል። ስም ጽፈው ከተጫኑ በኋላ መልሱ እስኪመጣ ወደ ባለጉዳዩ ዞር ይላሉ። «የማን ልጅ ነው? አያቱስ? ከየት ነው የመጣችሁ?» ጨዋታው ሲያልቅ መልሱ ይመጣል። እኔ ይህንን ሳይ የታየኝ የባከነ ጊዜ ነበር።

የችግሩን ሥር ፈልጌ አገኘሁት። ከየክፍሉ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ የሚያስተላልፍ አንድ ደካማ ማሽን መሐል ላይ ነበረን። እሱ ታዲያ ለእያንዳንዱ መልእክት የካርዶቹን ቁጥር ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እየሄደ ያወዳድራል። ካርዶቻችን ደግሞ በሙሉ ከአንድ ሳጥን የወጡ፣ የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ የፊተኞቹ ሦስት ክፍሎች የሁሉም አንድ ዓይነት። እና ምስኪኑ ማሽን ሦስት ጊዜ «ነው፣ ነው፣ ነው» ካለ በኋላ ነው «አይደለም» የሚለው። እኔ ገለበጥሁት። ከኋላ እንዲጀምር፣ ሁለት ሁለቱን ክፍል ባንዴ እንዲያይ አደረግሁ። ካልተመሳሰለ ገና ከመጀመሪያው ይተወዋል፤ ከተመሳሰለለት ግን የቀረውን ሳያጣራ አያልፍም። ይህችን የመጨረሻዋን አልዘነጋኋትም። በፕሮግራሙ ውስጥ ማለቴ ነው።

የለወጥሁት ስድስት መስመር ቢሆን ነው። መልሱ ግን ጣት ከቁልፉ ሳይነሣ መምጣት ጀመረ። አለቆቼ አመሰገኑኝ፤ እኔም ራሴን አመሰገንሁ። እትዬ ዘይነባ ብቻ «ሸጋ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ፤ የሚጨዋወቱበት ፋታ እንደ ቀረባቸው ያኔ አልገባኝም።

አንድ ማክሰኞ እሳቸው ለምሳ ሲወጡ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥሁ። ሥራዬ አልነበረም፤ ፍጥነቱን እያየሁ ልደሰት ነው። አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት መስኮቱ ጋ ቆሙ። አያ ሙላው ይባላሉ፤ ከድብ ባሕር ነው የመጡት። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ሳለ ታሞ፣ ጓደኞቹ እዚህ አምጥተው እንዳስተኙት በሾፌር መልእክት ደርሷቸዋል።

«አስማረ ነው ስሙ» አሉ። «አስማረ ሙላው።»

ጻፍሁ፤ ተጫንሁ፤ መጣ። አስማረ ሙላው፣ ታክሞ ተሽሎት ትናንት ወጥቷል።

«አያ ሙላው፣ ልጅዎ ድኖ ወጥቷል» አልኋቸው። «ይሄኔ ቤት ደርሷል።»

«በእግሩ?»

«በእግሩ።»

ማሽኑ ስለ እግር ያለው ነገር አልነበረም። እኔ ነኝ የጨመርሁት። አዛውንቱ በመስኮቱ እጃቸውን ሰደው ትከሻዬን ነኩኝና በጨርቅ የቋጠሩትን በሶ አስቀመጡልኝ። «ለእሱ ነበር። እሱስ ቤቱ ገብቷል፤ አንተ ቅመሰው» ብለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

እትዬ ዘይነባ ሲመለሱ በኩራት አወራኋቸው፤ አንድ ሰው በስንት ፍጥነት እንደሸኘሁ። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የአያቱን ስም ጠየቅኸው?»

አልጠየቅሁም። ጎንበስ ብለው የኮምፒዩተሩን ማያ አዩ። የወጣው አስማረ ሙላው ውቤ ነበር። ከሥሩ ሌላ መስመር ነበር፤ አስማረ ሙላው ተገኘ፣ ከድብ ባሕር፣ በጽኑ ሕመም ተኝቶ ያለ። የአያቱ ስም እዚያው ማያው ላይ፣ ከዐይኔ አንድ ስንዝር ርቆ ተጽፎ ነበር።

ወደ መናኸሪያ ሮጥሁ። መኪናው ወጥቷል። ድብ ባሕር ስልክ ያለው ሱቅ ደወልንና ባለሱቁ ጠብቆ እንዲነግራቸው አደራ አልነው፤ ዘግይቶ መልሶ ሲደውል፣ በሌላ በኩል ወርደው በእግር መንገዱ እንደ ገቡ ሰው ነግሮታል። ቤታቸው ከመኪና መንገዱ ሩቅ ነው። ሰው ይላክባቸው አልን። እትዬ ዘይነባ በሶውን ከእጄ ወስደው ወደ ልጁ ገቡና «አባትህ የላኩልህ ነው፤ እሳቸውም መንገድ ላይ ናቸው» አሉት። መብላት አልቻለም፤ ቋጠሮውን ራስጌዬ አድርጉልኝ አለ። እኔ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስሁ። ፊቱን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

አስማረ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተ። አባቱ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው።

ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኋቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ከራስጌው ያነሡትን በሶ በእጃቸው ያገላብጡ ነበር።

«ትናንት ከመኪና ወርጄ ቤቴ እስክገባ» አሉ፣ «ላገኘሁት ሰው ሁሉ አስማረ ድኗል፣ በእግሩ ወጥቷል እያልሁ ነው የሄድሁት። ባየሁት ደጃፍ ሁሉ እየቆምሁ። አሁን በዚያው መንገድ ስመለስ ምን ልበላቸው?»

 

በሳምንቱ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ለቅሶ ደረስን። ኮሶዬን ስናልፍ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ከመኪና ወርደን ስንሄድ በየደጁ የቆሙ ሰዎች ያዩናል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ አገር ሰው ሳይጠየቅ አያልፍም። ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ ይሉኛል። «ድኗል» ያለው ሰው እኔ መሆኔ ይታወቃል።

ዳሱ ውስጥ ስንገባ ለቀስተኛው ሁሉ ቀና አለ። አያ ሙላው ተነሥተው መጡና እጄን ያዙኝ።

«ይህ ልጅ ሆስፒታል ከአስማረ ጋር የነበረ ነው» አሉ። «እስከ መጨረሻው ያስታመመው።»

ልናገር አፌን ከፈትሁ። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

በዚያ ቀን አንድም ሰው የማን ልጅ ነህ አላለኝም። ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ተቀመጥሁ።