አሠልጣኙ በየት ገባ?

(አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት። በኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ያበደች ከተማ። ሆሊስና ጓደኛው ኦደል ከትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ጥግ፣ ፒካፕ ጀርባ ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። ሆሊስ ዓይኑን ከማኮብኮቢያው አይነቅልም።)

ኦደል፦ ሁለቱንም የስታዲየም የዓመት ቲኬት ወንበር መለስክላቸው? የአባትህንም?

ሆሊስ፦ ሁለቱንም! ትናንት ስታዲየሙ ቢሮ ሄጄ «እንካችሁ» አልኳቸው። ያን ብሪግስን አሠልጣኝ አድርገው ሊቀጥሩብኝ? እኔ በቁሜ?

ኦደል፦ ብሪግስ ነው ያለህ ማነው? ኮሌጁ እንደሁ ትንፍሽ አላለም።

ሆሊስ፦ አየህ! ብሪግስ ባይሆን ምን ያስደብቃቸዋል? ያቺን ነጭ አውሮፕላን ተመልከት። ትናንት ብሪግስ ካለበት ከተማ ተነሥታ ስትመጣ ስልኬ ላይ እግር በእግር ተከታተልኳት።

ኦደል፦ እሷማ የጥርስ ሐኪሜ...

ሆሊስ፦ አሁን ስለ ጥርስህ ማን ጠየቀህ!

ኦደል፦ እሺ ተወው። ግን መደበቅ የፈለገ ሰው፣ ከተማው ሁሉ አፍጥጦ በሚጠብቀው በኩል ይመጣል?

ሆሊስ፦ አይ ኦደል! አንተ ይሄ ነገር መቼም አይገባህ። ስማ፣ ሕዝቡ ተነሥቷል። ኮሌጁ በር ላይ «ብሪግስ አይምጣብን» ብለው አንሶላ ላይ ጽፈው ሰቅለዋል። በዚያ ላይ የኔ ወንበር ሲመለስ የኮሌጁ ስፖርት ኃላፊ ይርዳል። «ሆሊስ፣ በሞቴ ተመለስ» ብሎ ይደውላል።

ኦደል፦ ባይደውልስ?

ሆሊስ፦ (ድምፁ ዝቅ ይላል) አባቴ እዚያ ወንበር ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያሳደገኝ። ያን ወንበር ካጣሁማ... ኧረ ይደውላል!

(ስልክ ይጮኻል። ሆሊስ ኪሱን ይዳብሳል። የጮኸው የኦደል ነው።)

ኦደል፦ ሃሎ... አዎ፣ ኦደል ነኝ... ኧረ በእግዜር!... እንዴ፣ እሱም ታወቀ?... ሰውዬውስ ማነው?... እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ። (ይዘጋል) ከስታዲየሙ ቢሮ ናቸው።

ሆሊስ፦ አላልኩህም! በአንተ በኩል ሊለማመጡኝ ነው!

ኦደል፦ አሠልጣኙ ተቀጠረ። ታልማጅ ነው።

ሆሊስ፦ ታልማጅ? የምመኘው ታልማጅ? (ኦቾሎኒውን ወደ ሰማይ ይበትናል) ግን በየት ገባ?

ኦደል፦ በመኪና። ትናንት። እናንተ ሁሉ እዚህ አጥር ላይ ተሰቅላችሁ ሳለ።

ሆሊስ፦ ያቺ አውሮፕላንስ?

ኦደል፦ የጥርስ ሐኪሜ አውሮፕላን ናት። ለድርጭት አደን መጥቶ።

ሆሊስ፦ በል ተነሥ፣ ንዳ! ወንበሬን ላስመልስ!

ኦደል፦ የደወሉልኝ እኮ ለወንበር ነው። ወረፋ ይዤ ስጠብቅ ነበር። አንድ ሰውዬ ተናዶ ሁለት ወንበር መልሷል፣ ተራህ ደርሷል አሉኝ።

ሆሊስ፦ አንተስ?

ኦደል፦ እሺ አልኳቸዋ! ሰውዬው ማነው ብላቸው፣ ምስጢር ነው አሉኝ።

ሆሊስ፦ (ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል) ኦደል... የአባቴ ወንበር!

ኦደል፦ አይዞህ ወንድሜ፣ የአባትህ ወንበር ላይ አንተው ትቀመጣለህ። ጨዋታው እስኪያልቅ ግን፣ እባክህ፣ ምንም ነገር እንዳታስረዳኝ።