የአስካለ በርጩማ ወረፋ ይዟል

መጀመሪያ ይሄ ይመዝገብልኝ። የወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለጉልት ነጋዴዎች ከተሠሩት ሱቆች አንዱን ለሞተች አማቱ ሰጥቷል። ለሞተች! ሴትዮዋ ከተቀበረች ቆይታለች፤ ሱቁ ግን በስሟ ወጣ።

አሁን ቁጭ በሉ። ዛሬ እሱን ልሰድብ አይደለም የመጣሁት። የራሴን ጉድ ልናገር ነው።

ትናንት ስለ ሰውዬው የጻፍኩትን ያነበባችሁ ታውቁኛላችሁ። ፌስቡክ የከፈተችልኝ የልጅ ልጄ ቤቲ ናት። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ሌባን ሌባ ለማለት ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል ብዬ ጻፍኩ። ሼር በሼር ሆነ። አንዷ ኮሜንት ላይ «እማማ ዘነቡ ለምክር ቤት!» ብላ ጻፈችልኝ።

ወደድኩት። ምን እዋሻለሁ?

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሸማቾች ሱቅ ዘይት ገባ ሲባል፣ ቤቴ ያለውን ነጭ ነጠላ መርጬ፣ እንደ ተመራጭ ሆኜ ሄድኩ።

የኛን ሰፈር ወረፋ ለማታውቁ ላስረዳ። ሱቁ ያለው ከአዲሱ ገበያ ወደ ቁስቋም በሚያስወጣው መንገድ ላይ ነው። ዘይት ይመጣል ከተባለ ሰው በማለዳ ዕቃውን ያሰልፋል። ድንጋይ፣ ባዶ ጀሪካን፣ አሮጌ ጫማ። ባለቤቱ ሲመጣ ዕቃውን ያነሳና እሱ ይቆማል። የሰው ዕቃ የሚያንቀሳቅስ የለም።

ካለም እኔ አለሁ! ይህን ወረፋ ስንት ዓመት ያስከበርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። በቃ፣ ድምፄ ትልቅ ነው።

ዛሬም ጀሪካኔን አስቀመጥኩ። ከጀሪካኔ ኋላ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው የጎረቤቴን የአስካለን በርጩማ አስቀመጥኩ። አስካለ ጉልበቷን ስለሚያማት ወረፋ ላይ የምትቀመጠው በዚህች በርጩማ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ልጅ ስለሌላት የሸማቾች ካርዷም እኔ ጋ ነው ያለው።

ከበርጩማው ኋላ ሰሚራ ነበረች። ሰሚራ አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፋ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ልጅ ናት። አማቲቱ የወሰደችው ሱቅ የሷ ነበር። ስሟ ዝርዝሩ ላይ ወጥቶ፣ ተለጥፎ፣ በማግስቱ በሌላ ስም ተተካ። ትናንት ያን ሁሉ የጻፍኩት ስለ እሷ ነው።

ወረፋው ላይ ሌላ ወሬ የለም። ሥራ አስፈጻሚው ከታሰረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አንዱ ከስልኩ ዜናውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ስለ ቪላው ያወራል፣ አንዷ ደግሞ ድሮም ዓይኑ ደስ አይለኝም ትላለች። ደግሞ ሁሉም ያውቅ ነበር! አማቲቱን ቀብረው የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ሱቁ በስሟ እንደወጣ ያውቁ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ ብዬ ተቆጣሁ።

«ማን ደፍሮ፣ እማማ?» አሉኝ።

ይሄኔ ነው ደሜ የፈላው። እና ምን አደረግኩ ብትሉኝ፣ የአስካለ በርጩማ ላይ ወጣሁ።

በዚህ ዕድሜዬ! አንዷ ነጠላዬን ይዛ ደገፈችኝ፣ ሌላዋ ስልኳን አውጥታ ላይቭ ከፈተች።

«በሕያው ሰው ስም የሚሰርቅ ሌባ ነው» አልኩ። «በሙት ስም የሚሰርቅ ግን መቃብር ነው የቆፈረው። እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብሎ ያየ ሁሉ አካፋ አቀብሎታል።»

ተጨበጨበልኝ። ሰሚራ ብቻ አላጨበጨበችም። ልጅ አቅፋ እጇ አልለቅ ብሏት ነው ብዬ አለፍኩ።

ሱቁ ተከፈተ። ሻጩ ጋሽ ግርማ ካርድ እያየ፣ ማህተም እየመታ አንድ አንድ ጀሪካን ዘይት ይሰጣል። ተራዬ ደረሰና ወሰድኩ። ከዚያ ጋሽ ግርማ በርጩማውን በአገጩ አመለከተኝ።

«ይሄስ?»

«የአስካለ ነው» ብዬ ካርዷን ሰጠሁት።

ካርዱን አየ። እኔን አየ። በርጩማውን አየ። ማህተሙን መታና ሁለተኛውን ዘይት አቀበለኝ። ከዚያ ወደ ሰሚራ ዞሮ ባዶ እጆቹን ዘረጋ። ዘይቱ አልቋል። የመጨረሻው የአስካለ ነበር።

ሰሚራ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት እችላለሁ።

«እማማ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሱቄን አማቲቱ ወሰዱት። ዘይቱን ደግሞ እትዬ አስካለ። እኔ የሚደርሰኝ ስሞት ነው?»

አዎ።

አስካለ ሞታለች። ዓመት አልፏታል።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ያደልኩት እኔ ነኝ። ወረፋው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ቀብሯት የተመለሰ ነው። ማንም የማያስታውስ የመሰለኝ በምን ሒሳብ ነው? ዞር ብዬ አየኋቸው። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ለምን ዝም አላችሁ ልላቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። መልሱን ቀድመው ነግረውኛል።

ማን ደፍሮ?

ስሙኝ፣ የመጀመሪያው ጊዜ በልማድ ነበር። በተቀበረች በወሩ ዘይት መጣ ሲባል፣ እጄ በራሱ ጊዜ በርጩማዋን አንስቶ ወጣ። አርባ ዓመት አብረን ነው የተሰለፍነው። ወረፋው ላይ ሳያት፣ ማለቴ በርጩማዋን ሳያት፣ ደስ አለኝ። ቦታዋን መልቀቅ ሁለተኛ መቅበር መሰለኝ። ዘይቱንም በነፍሷ ስም ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ ብዬ ነው የወሰድኩት።

የመጀመሪያውን ሰጠሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው? ቤቴ ስትመጡ የምታደንቁት ሳምቡሳ በምን የተጠበሰ ይመስላችኋል?

ስልኬ ጮኸ። ቤቲ ከቢሮዋ ናት። «እማዬ፣ አሁንም ላይቭ ላይ ነሽ» አለችኝና ዘጋች። ለካ ላይቭ የከፈተችው ሴትዮ ስልኳን አላወረደችም። ንግግሬም፣ ካርዱም፣ የሰሚራ ጥያቄም፣ የተከፈተው አፌም፣ ሁሉም ወጥቷል። ያላያችሁ ካላችሁ አትፈልጉት። እንደምትፈልጉት ግን አውቃለሁ።

ሁለተኛውን ዘይት ለሰሚራ ሰጠኋት። አልቀበልም አለች። ስጦታ አይደለም የጠየቅኩት፣ ተራዬን ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን የምለው እሱን ነበር። ስለዚህ ዘይቱን ለጋሽ ግርማ መለስኩለት፤ እሱም በራሷ ካርድ፣ በራሷ ስም ሸጠላት። ማህተሙን በደንብ ነው የመታው፣ ጠረጴዛው እስኪናጋ።

«ለሚቀጥለውስ ጊዜ?» አለችኝ ሰሚራ ዘይቷን አንስታ።

እኔም ጋሽ ግርማን አሁኑኑ የአስካለን ስም ሰርዝ አልኩት። እኔ ከመዝገብ መሰረዝ አልችልም፣ ከወረዳ ደብዳቤ ያስፈልጋል አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። በርጩማውን በብብቴ ሸጉጬ፣ ያቺን ነጭ ነጠላ ለብሼ፣ ወረዳ ሄድኩ።

እዚያ ተራ ጠበቅኩ። በራሴ ተራ! የአስካለ በርጩማ ላይ ተቀምጬ። ቪዲዮውን ያየ ጥበቃ መጥቶ፣ እማማ ይሄ በርጩማ ደግሞ የማንን ተራ ነው የያዘው ብሎኝ ሄደ። የሚገባኝ ነው።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ለልጅቷ ሁሉንም ነገርኳት። ሴትዮዋ ሞታለች፣ ዓመት በስሟ ዘይት በልቻለሁ፣ ዛሬ ሳልሰርዛት ቤቴ አልገባም አልኩ። ልጅቷ መዝገቡን አገላብጣ፣ ስሙን አግኝታ፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል አየኋት፤ እግዜር ይስጣት፣ ታግላለች።

«እማማ፣ የሞተ ሰው ስም የሚሰረዘው በዋና ሥራ አስፈጻሚው ፊርማ ነው» አለችኝ። «እሳቸው ደግሞ ታስረዋል። ሌላ ሰው እስኪሾም ድረስ እትዬ አስካለ በሕይወት አሉ።»