የጋሽ ዱባለ ቡችላ በሁዳዴ

መስጊድ የሌለው ሰፈር ይኖራል፤ ቤተክርስቲያን የሌለውም ይኖራል። "ጥናት" የሚጠቅስ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን በዚህ አገር የለም። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ በላቦራቶሪ ደጃፍም አላለፈም። ነገር ግን በባዶ ሆድህ ሙዝ ስትልጥ ካየህ መንገዱን አቋርጦ ይመጣና ስለ ጨጓራህ ይነግርሃል።

የእኛ ሰፈር ያለው ቡታጅራ ነው፤ የእኛ ባለ ጥናት ደግሞ ክቡር ጋሽ ዱባለ ናቸው። ቤቶቻችንን የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ጋሽ ዱባለ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። የሰው ግቢ መግባት፣ አንገት ማስገግ፣ አንብቦ መውጣት እንጀራቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ በቆጣሪው ቦታ ስልክ ገባ እንጂ ሌላው እንደነበረ ነው። ዛሬም ይገባሉ፣ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ያነበቡትን ይናገራሉ።

ሲናገሩም በራሳቸው ስም አይደለም። "እኔ አልልም፤ ጥናቱ ነው የሚለው" ይላሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው "ብዙ መቀመጥ ኩላሊት ይጎዳል፤ እኔ አልልም፤ ጥናቱ ነው የሚለው" ብለው ሐዘንተኛውን ሁሉ አስነስተው ድንኳኑን አስዞረውታል። ሰርግ ላይ ሙሽሪትን አስቁመው ስለ ባለ ተረከዝ ጫማና ስለ ወገብ አጥንት አስተምረዋታል። እናቴ ከድጄ ስኳር ተገኘባት የተባለ ጊዜ በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ ቆመው "አሰላሙ አለይኩም! እትዬ ከድጄ ይነሱ፤ ስኳር የሚፈራው እግር ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እስከ ገበያው ያስኬዷታል። እናቴ "ስኳሩ ሳይሆን እኚህ ሰውዬ ናቸው የሚገድሉኝ" ትላለች። ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቀድማ የምትጠብቀው ግን እሷ ናት።

እንግዲህ ልጃቸው ሩቲ ከአዲስ አበባ ቡችላ የላከችው ለእኚህ ሰው ነው። "አባዬ ስልክ ላይ ተተክሎ ይውላል፤ የሚያጫውተው ያግኝ" ብላ። ቡችላው ጀርመን ሼፐርድ ነው። በካርቶን ሆኖ በሚኒባስ መጣ፤ መንገድ ላይ፣ ቡኢ ከተማ ሲደርስ፣ የሾፌሩን ጃኬት አስታውኮበታል። ገና ጡት መጣሉ ቢሆንም መዳፉ ከአሁኑ የጅብ መዳፍ ያክላል። ጋሽ ዱባለ አገላብጠው አዩትና እዚያው "አስር አለቃ" የሚል ማዕረግ ሰጡት። ኪሎ በጨመረ ቁጥር ሹመት እንደሚጨምርም አስታወቁ።

ሩቲ ከቡችላው ጋር በከረጢት ደረቅ የውሻ ምግብ ልካ ነበር። ጋሽ ዱባለ መጀመሪያ ከረጢቱን አነበቡ፤ ቀጥሎ ስልካቸውን አነበቡ፤ ከዚያ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ሸምሶ፣ ይሄ ነገር ለውሻ ማለት ለሰው ብስኩት ማለት ነው። ሰው ብስኩት ብቻ በልቶ ያድጋል?"

"አያድግም ጋሼ።"

"ትልቅ ዝርያ የሆነ ውሻ የሚያስፈልገው ጥሬ ስጋ ነው። ከነአጥንቱ። እኔ አልልም፤ ጥናቱ ነው የሚለው።"

ያው ጥናት "ምግቡን ቀስ በቀስ ለውጡ፤ በመጀመሪያው ሰሞን አንድ እጅ ስጋ ከሦስት እጅ ደረቅ ምግብ ጋር ይሁን" ይል ነበር። ይህንንም አንብበውታል። ነገር ግን ሳቁ። "ይሄ ለፈረንጅ አገር ውሻ ነው። በጉራጌ አገር ጥሬ ስጋ ለመልመድ ቀጠሮ ያስፈልጋል እንዴ?" አሉና ደረቁን ምግብ ለዶሮዎቹ በተኑት።

የመጀመሪያው ማዕድ ሲቀርብ እኔም በአጥሩ በኩል ተጋብዤ ነበር። ስጋው ጅማቱ ወጥቶለት በመክተፊያ ላይ ልሟል። ባለቤታቸው እትዬ ዘርፈሽዋል ደግሞ ቅቤ አቅልጠው አፈሰሱበት፤ ሚጥሚጣም ነሰነሱበት። "እንግዳ አይደል?" አሉ። ቅቤና ሚጥሚጣ የሌለው ክትፎ ለእንግዳ ማቅረብ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እንግዳው አራት እግር ቢኖረውም። አስር አለቃ አጎንብሰው ቀመሱ፤ አንዴ አነጠሱ፤ ከዚያ ጣባውን ልሰው ጨረሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘርዘር ጨዋነት አይደለም። በአንዲት የላላች ቆርቆሮ ሾልኮ የደረሰበት የእኛ ጎመን ግን አልተረፈም። ቡችላው እግሩን ዘርግቶ ተኛ፤ ውሃም እምቢ አለ። ጋሽ ዱባለ በርጩማ ስበው አጠገቡ ዋሉ። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አላወጡትም። እኔም ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ናዝሬት መጥታ መርፌ ወጋችው። ቅቤና ሚጥሚጣ የሚለውን ስትሰማ ለአፍታ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረች፤ ሳቋን እየዋጠች ይመስለኛል።

"ጋሼ፣ ጥሬ ስጋ የግድ አይደለም" አለች። "ካሉ ግን ቅቤ የለም፣ ሚጥሚጣ የለም፣ ጨው የለም። ስጋ ብቻ የበላ ትልቅ ዝርያ እግሩ ይጎብጣል፤ ለስላሳው አጥንት ደቆ ይግባበት። ጉበት ሳይቀቀል እንዳይቀምስ፤ ትል ያመጣል። ቀስ ብለው ያስለምዱት። ከለመደ በኋላ ደግሞ በድንገት እንዳይለውጡበት፤ ይሄ ሆድ ሁለተኛ አይችልም።"

ጋሽ ዱባለ ይህን ሁሉ እንደ ንስሐ ተቀበሉ። ደረቁ ምግብ በዶሮ ተበልቷልና በገንፎ ጀመሩ፤ ገንፎው እየቀነሰ፣ ስጋው እየጨመረ ሄደ። አስር አለቃ ቆመ፣ ሮጠ፣ የእናቴን ሽርጥ ከገመድ ላይ አወረደ፤ ሃምሳ አለቃ ተባለ። ገንፎው ቀርቶ ሙሉ በሙሉ ጥሬ ስጋ ላይ በገባ ሰሞን እትዬ ዘርፈሽዋል ከቤተክርስቲያን ተመልሰው "ሰኞ ሁዳዴ ይገባል" አሉ።

ጥናቱ ስለ ካልሲየም ብዙ ይላል። ስለ ሁዳዴ ግን አንድ ቃል አላለም።

የክርስቲያን ስጋ ቤቶች ተዘጉ። እትዬ ዘርፈሽዋል ድስትና ቢላዋውን አጥበው ሰቀሉና "ስጋ የሚባል ነገር ከጓሮው እንሰት ወዲህ እንዳይመጣ" ብለው ወሰን አበጁ። የቀረው የሙባሪክ ስጋ ቤት ነው። ክርስቲያን የሙባሪክን ስጋ በፋሲካም አይበላም። ጋሽ ዱባለ ግን በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥቁር ፌስታል ይዘው ከዚያ ይወጡ ጀመር። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ "ለውሻ ነው" ይሉታል። ማንም ሳይጠይቃቸው የሚመልሱት ይህ መልስ ነው የጎዳቸው።

ዘንድሮ ረመዳንም ከሁዳዴ ጋር ገጥሞ ነበር። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ምሳ የሚበላው ሃምሳ አለቃ ብቻ ነው። ጉበቱን ባለቤቴ ፈቲሀ፣ በጾም አንጀቷ፣ ከጓሮ በአሮጌ ጣሳ ትቀቅልለታለች። ይህ ሁሉ ባልከፋ። ችግሩ ጋሽ ዱባለ ስጋ መቆራረጥ አለማወቃቸው ነው፤ እጃቸው የሚያውቀው መክተፍ ብቻ ነው። ከእንሰቱ ጀርባ ቁጭ ብለው፣ መክተፊያውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል። ይህን ድምፅ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም፤ በእንቅልፉ ቢሰማው እንኳ ጣባ ይፈልጋል። እኔ በአጥሩ ወዲህ ሆኜ መግሪብ እስኪደርስ አላህ እንዲያጸናኝ እለምናለሁ። በወዲያኛው አጥር በኩል ደግሞ የጋሽ ዱባለ የአቦ ማህበርተኞች ጆሯቸውን ጥለዋል።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ዱባለ ይከትፋል" ተባለ። ወዲያው "ዱባለ ይበላል" ሆነ። ቀጥሎ "ያውም የሙባሪክን" የሚል ተጨመረበት። ወሬው ገበያ ሲደርስ ጋሽ ዱባለ ሃይማኖት ለውጠው ነበር፤ እናቴን አንዲት ቅቤ ሻጭ "ማሻአላህ፣ ጎረቤታችሁ ሰለሙ አሉ" ብላ ጨብጣታለች።

ሳቁ ያበቃው የመጋቢት አቦ ሲቃረብ ነው። የማህበሩ ጽዋ የዚያን ወር ተራው የጋሽ ዱባለ ነበር። ጠላው ተጠምቋል፤ የዳቦው ዱቄት ተሰናድቷል። የማህበሩ ትልቅ እትዬ መንበረ መልእክት ላኩ። "ዱባለ ሥራ በዝቶበታል፤ ዘንድሮ ጽዋው እኔ ቤት ይሁን" የሚል። በእኛ አገር ሰው የሚወገዘው በእንዲህ ያለ ትህትና ነው።

ሄጄ በአጥሩ ላይ ጠራኋቸው። ውሻው ልብሴን እንዳይልስብኝ ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት።

"ጋሼ፣ እስከ ፋሲካ ገንፎ ቢበላስ?"

"ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሃል። ሁለተኛ አይችልም።"

"ስጋውን ይቀቅሉለት።"

"በሁዳዴ የስጋ መረቅ ሽታ ከእኔ ቤት ይውጣ? ያኔ መንበረ ጽዋውን ብቻ ሳይሆን ዕድሩንም ትወስደዋለች።"

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ቡችላው ጫማቸው ላይ አገጩን ጥሎ ተኝቷል። "ይሄ ጽዋ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ተራው ደርሶ ቤታችንን ዘሎ አያውቅም" አሉ ጎንበስ ብለው ጆሮውን እያሻሹ። "ግን እሱ ምን አጠፋ? እሱ ሁዳዴ መግባቱን አያውቅ።"

አንጀቴን በሉት። በዋዜማው እኩለ ቀን ላይ ተነስቼ እትዬ መንበረ ዘንድ ሄድኩ።

"እትዬ መንበረ፣ እስላም በእኛ ጾም ምን አገባው ቢሉኝ አልቀየምም" አልኳቸው። "ነገር ግን እኔም ጾመኛ ነኝ። መጥተው አንዴ ይዩ።"

"ምኑን ነው የማየው? በጆሮዬ ሰምቼ ጨርሻለሁ።"

"ጆሮ ክትፎ ላይ አይፈርድም። ጣባውን ይዩ።"

በዚህ ነገር የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ ክትፎ ላይ እንዲፈርድ ተጠይቆ እምቢ የሚል የለም። ዘንጋቸውን አንስተው ተከተሉኝ። በእኛ ግቢ አስገብቼ የላላችውን ቆርቆሮ ገለጥኩላቸው።

ጋሽ ዱባለ ከእንሰቱ ጀርባ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። የስጋው ሽታ እንዳይደርሳቸው አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ጠምጥመው፣ ከፊታቸው ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ፣ ያንንም ወደ ቤተክርስቲያኑ አቅጣጫ መልሰው ይከትፋሉ። ሃምሳ አለቃ ፊት ለፊታቸው ለሃጩን እያንጠባጠበ ተቀምጧል። እትዬ መንበረን ሲያዩ ቢላዋው ቆመ።

እትዬ መንበረ ሰላም አላሉም። ወደ መክተፊያው ተጠግተው በዘንጋቸው ጫፍ አመለከቱ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ልብ ነው" አሉ ጋሽ ዱባለ ከነጠላው ሥር።

"ይሄስ?"

"የደቀቀ አጥንት። የጎሮሮ።"

"ጅማቱን አላወጣኸውም።"

"ለጥርሱ ጥሩ ነው። እኔ አልልም፤ ጥና—"

"ዝም በል፣ ዱባለ።"

እትዬ መንበረ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩ። እኔ ከእንሰቱ ቅጠል ጋር አብሬ ቆሜ የራሴ ፍርድ የሚነበብ ይመስል እጠብቃለሁ።

"አባትህ አንዲት ጅማት ካገኘ ክትፎውን በሙሉ እንደገና ያስጀምር ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ይሄን የጉራጌ ልጅ አይበላውም። ጾሙን ሊፈታ የቆረጠ ሰው እንኳ በዚህ አይፈታም።"

ጋሽ ዱባለ ነጠላውን ከፊታቸው አወረዱ። ሃምሳ አለቃ ተነስቶ የእትዬ መንበረን ዘንግ አሸተተ፤ እሳቸውም አላባረሩትም።

"አቦም የኖሩት ከአንበሳና ከነብር ጋር ነው" አሉ ወደ ቆርቆሮው እየተመለሱ። "ዱባለ፣ ጠላውን ደግሞ እንዳታቀጥነው።"

በማግስቱ ማህበርተኛው አንድ ሳይቀር ጋሽ ዱባለ ቤት መጣ። ጸሎቱን በአጥሩ በኩል ሰማሁት። ጽዋው ሲዞር ስለ ጌሾና ስለ ጉበት የሚያስረዳ አንድ የማውቀው ድምፅ ከሌላው ሁሉ በላይ ወጣ። ፈቲሀ "አልሐምዱሊላህ፣ ድነዋል" አለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እኩለ ቀን ላይ ድምፁ ቀረ። ጾመኛ ነኝ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን መቀመጥ አቃተኝ። አሁንም አሁንም ወደ አጥሩ እመለከታለሁ፤ ታመሙ ይሆን፣ ቡችላው አንድ ነገር ሆኖ ይሆን እላለሁ። እያፈርኩም ቢሆን ልናገረው፦ ያ መክተፊያ ናፈቀኝ። ሰውዬውም ጭምር፤ በአንድ ቀን ዝምታ።

በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ፣ አንገቴን አስግጌ፣ ተመለከትኩ። ጋሽ ዱባለ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ቡችላው አንድ ሙሉ የጎድን ጫፍ በመዳፉ ይዞ ያኝካል፤ እግሮቹ እንደ ወጋግራ ቀጥ ብለዋል።

"ጋሼ፣ መክተፊያው ምን ሆነ?"

"ጥርሱ ጠነከረ። ከዛሬ ጀምሮ በቁራጭ ነው" አሉ። "መቶ አለቃ አድርጌዋለሁ።"

እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ። ልመለስ ስል ጠሩኝ።

"ሸምሶ። ደግ ጎረቤት ያለው ሰው ዕድሜው ይረዝማል።"

"ጥናቱ ነው የሚለው?" አልኳቸው እንደ ልማዴ ላበሽቃቸው።

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ትንሽ አዩት። መልሰው ከተቱት።

"የለም" አሉ። "ይሄን እኔ ነኝ የምለው።"