የወይዘሮ ኦርፋ ሠርግ የሌለው ፊልም

ሰው ወሬ በጀመረ ቁጥር «እንደሱ አይደለም» የሚል አንድ ፍጡር በየከተማው አይጠፋም። በእኛ በኦሃዮዋ ከተማ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ኦርፋ ኬስለር ናቸው። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን በሲኒማ ቤታችን ፒያኖ ይመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያርሙት አጥተው አያውቁም። ፓስተሩን ከነምዕራፉ ያርማሉ። በገዛ ባላቸው ቀብር ላይ የሟቹን ታሪክ የሚያነበውን ሰው ሁለት ጊዜ አስቁመውታል። የእኔን የጋዜጣ ጽሑፍማ በቀይ እርሳስ ሸነታትረው በፖስታ ይልኩልኛል።

ባለፈው መጋቢት ከፊልም ቤተ መዛግብት ፔልተን የሚባል ወጣት መጣ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ታይቶ ዛሬ አንድ ቅጂ እንኳ ያልተረፈለትን «የጥርስ ሐኪሙ እጮኛ» የተባለ የፍቅር ኮሜዲ ታሪክ ሊመዘግብ ነው። ወይዘሮ ኦርፋ ቤት ወሰድኩት። ከድሮ ጋዜጣ የገለበጠውን አነበበላቸው፤ «በመጨረሻም ልጅቷ ሐኪሙን ታገባለች።»

«ማንን ነው የምታገባው?» አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

«ጋዜጣው እንዲህ ይላል፣ እሜቴ።»

«ጋዜጣው ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ነበር? ስማ ልጄ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ያጀብኩት እኔ ነኝ። ሠርግ ቢኖር የሠርግ ማርሽ እመታ ነበር። አልመታሁም። ቀለበቱን የጥርስ መንቀያው ካለበት ትሪ ላይ ጣለችለትና በትራም ሄደች። ያኔ የመታሁት ፖልካ፣ የጭፈራ ዜማ ነው።»

«ምናልባት ጊዜው ስለራቀ ረስተውት…»

«እኔ ልርሳ? ያን ሳምንት እኮ እኔም እጮኛ ነበረኝ። ቅዳሜ ዕለት ሄጄ ቀለበቱን መለስኩለት። አሁን መጥተህ አግብታዋለች ትለኛለህ?»

ያ የድሮ እጮኛቸው የከተማችን የብረታ ብረት ሱቅ ባለቤት ነው። «እሱ ነው የተዋት» እየተባለ ስሰማ ነው ያደግኩት። እኒህ ሁሉን አራሚ ሴት በዕድሜያቸው ሳያርሙ ያለፉት ወሬ ያ ብቻ ነበር።

ፔልተን ወረቀቱን አየ። «ጋዜጣው ያለውን ለመሻር አንድ ምስክር አይበቃም። ሁለተኛ ሰው ካልፈረመ መለወጥ አልችልም።»

«እኔም አይቼዋለሁ» አልኩ። «ቀለበቱን ትሪው ላይ ስታስቀምጥ አስታውሳለሁ።»

«ጣለችው እንጂ አላስቀመጠችውም» አሉ ወይዘሮ ኦርፋ።

«ጣለችው» ብዬ አስተካክዬ ፈረምኩ። ፊልሙ በታየበት ሳምንት ግን ልጅ ነበርኩ፤ ኩፍኝ ይዞኝ ከአልጋ አልወረድኩም ነበር።