የሲቀላና የሴቻ ነገሥታት

እስቲ ለአንድ አፍታ ዓይናችሁን ጨፍኑና የመሥሪያ ቤታችሁን ኃላፊ ፈረስ ላይ አስቀምጡት። የብረት ጥሩር አልብሱት፤ ቦርጩ አልገባም ካለ ገፋ አድርጉት፣ ይገባል። በቀኝ እጁ ሰይፍ፣ በግራው ጋሻ አስይዙና ወደ ግቢው በር ሸኙት። እዚያ ደግሞ የጎረቤት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ያችን አንዲት ፒክአፕ «የእኛ ናት»፣ «የለም የእኛ ናት» እየተባባሉ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጻጻፉባት የከረሙት ሰውዬ፣ እሳቸውም ታጥቀው ይጠብቃሉ። ሠራተኛው ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ጥሩምባ ይነፋል፤ ሁለቱ ይገጥማሉ። ከምሳ በፊት የፒክአፗ ጉዳይ አለቀ!

ስንት ስብሰባ በቀረልን ነበር!

ይህ የቀን ቅዠት ከየት መጣብህ ብትሉኝ ከኮምፒውተር ጨዋታ ነው እላችኋለሁ። አትሳቁ። ፀጉሬ መሸበቱን አውቃለሁ፤ ቤቴ መስታወት አለ። ጨዋታው የጥንት ነገሥታት ጨዋታ ነው። ግንብ ትገነባላችሁ፣ ታርሳላችሁ፣ ግብር ትሰበስባላችሁ፣ ሠራዊት ትመለምላላችሁ። እኔን ያሳበደኝ ግን ይህ ሁሉ አይደለም። እዚያ ውስጥ ንጉሥ ማለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «በሉ እናንተ ግፉ» የሚል ሰው አይደለም፤ ራሱ ከፊት ሆኖ ይዋጋል። ሲብስበት ደግሞ ባላንጣውን «ና አንድ ለአንድ ይውጣልን» ብሎ ይጠራዋል። የተጠራው እምቢ ቢል፣ ወይም ጀምሮ ቢያቋርጥ፣ ፈሪ ይባልና መኳንንቱ ጥለውት ይሄዳሉ። እሺ ካለ ከሁለቱ አንዱ አገሩን ከነዘውዱ ለሌላው አስረክቦ ይወድቃል። ቃለ ጉባኤ የለ፣ ይግባኝ የለ።

እኔ በሙያዬ መሬት ቀያሽ ነኝ። ከጎጃም መጥቼ አርባ ምንጭ ላይ ሜትሬን ከዘረጋሁ ወዲህ ሥራዬ የጎረቤታሞችን ድንበር ማስማማት ነው። ሰኞ እስከ ዓርብ «አንተ አጥርህን ወደዚህ፣ አንቺ ባሕር ዛፍሽን ወደዚያ» ስል እውላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ ይቅር ይበለኝና፣ ቀንደኛ ድንበር ገፊ ነኝ።

የምገፋው ድንበር የኤልያስን ነው። ኤልያስ የሥራ ባልደረባዬ፣ የጋሞ ደጋው የኦቾሎ ተወላጅ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር የሚመራ፣ ዝንብ እንኳ ይቅርታ ጠይቆ የሚያባርር ለስላሳ ሰው ነው። ንጉሥ ሲሆን ግን አያድርስ ነው። እሱ የሚኖረው ላይ ሴቻ፣ እኔ ታች ሲቀላ ስለሆነ ለመንግሥቶቻችን ሌላ ስም ፍለጋ አልደከምንም። የሴቻ ሰዎች በነፋሻ አየራቸውና ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል በማየታቸው ይኩራሩብናል። እኛም ገበያውን፣ ጫጫታውንና ከጫሞ ሐይቅ በቀጥታ የሚመጣልንን ዓሣ ይዘን እንኩራራባቸዋለን። ከተማው አንድ ነው፤ ኩራቱ ግን ሁለት ነው።

ከክረምት ጀምሮ በያዝነው ጦርነት ኤልያስ አፈር ድሜ አስግጦኛል። ግንቦቼን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ጎተራዬን አቃጥሎ፣ ከሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ግንብ ውስጥ ከጥቂት የተራቡ ወታደሮች ጋር አጎረኝ። ቀድሞ በተጫወትናቸውም ቢሆን አንድ ቀን አሸንፌው አላውቅም። ውርርዳችን ደግሞ ክፉ ነበር። የተሸነፈ ሰው ሰኞ ጠዋት ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ብድግ ብሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ «ጃንሆይ፣ ስኳሩ ይበቃዎታል?» ማለት አለበት። የእኛን መሥሪያ ቤት አታውቁትም። እዚያ አንዴ የተለጠፈ ስም ከሰውየው ጋር ነው ጡረታ የሚወጣው። ስለዚህ የቀረችኝን ብቸኛ ጥይት ተኮስኩ፤ የሴቻን ንጉሥ አንድ ለአንድ ጠራሁት። ኤልያስም ሳቀና እሺ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ባጃጅ ይዤ ሽቅብ ሴቻ ወጣሁ። ኤልያስ ሳሎን ውስጥ ሁለቱን ላፕቶፖች ፊት ለፊት ደቅኖ በገመድ አገናኝቷቸዋል። ጥግ ላይ አጎቱ ጋሽ ሳዶ ተቀምጠዋል፤ ለዓይን ሕክምና ከኦቾሎ ወርደው ቀጠሮ ይጠብቃሉ። ጋሽ ሳዶ በዘመናቸው ሀላቃ ነበሩ። ሀላቃ ማለት በጋሞ አገር ሕዝቡ መክሮ የሚሾመው መሪ ነው፤ ሲሾም ደግሞ መጀመሪያ የሚነጠቀው ነገር ቁጣው ነው። አይሳደብም፣ አይማታም፣ ሰው ቢሰድበውም ዋጥ ያደርጋታል። ሥልጣኑን ጨርሶ እስኪያስረክብ ድረስ ጠብ የሚባል ነገር በደጁ አያልፍም።

ጋሽ ሳዶ ወደ እኔ ስክሪን ጠጋ ብለው ደህናውን ዓይናቸውን አጨነቆሩ።

«ይሄ ዘውድ ያደረገው ማነው?»

«የእኔ ንጉሥ ነው፣ ጋሼ።»

«ሰይፉ ምን ያደርግለታል?»

«ሊዋጋ ነዋ!»

«ሰው የለውም?»

«ሰውማ አለው። ግን እዚህ ንጉሡ ራሱ ነው የሚዋጋው።»

«ንጉሡ ራሱ ከተጣላ ታዲያ ማን ያስታርቃል?» አሉ።

እኔና ኤልያስ ተያየን። ማንጎ ሰጠናቸው። እሳቸውም ማንጎአቸውን ይዘው ሳር በሞላው ግቢ ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ሄዱ።

ጥሩምባው ተነፋ። አረንጓዴ ሜዳ ላይ የሁለቱም ሠራዊት ዙሪያውን ከቦ ቆሟል፤ መሐል ላይ የሲቀላና የሴቻ ነገሥታት። ወገኖቼ፣ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! የመጀመሪያውን ምት እሱ ሰነዘረ፣ ጎንበስ ብዬ አሳለፍኩት። ሁለተኛውን በጋሻ መለስኩት። ሦስተኛውን እኔ አሳረፍኩበት። እኔ! ከወንበሬ ተነሥቼ ነው የምዋጋው። ያ ለስላሳ ኤልያስ ፊቱ በርበሬ መስሎ «ሥጋህን ለጫሞ አዞ ነው የምሰጠው!» ይላል። እኔ ደግሞ «አንገቱን! አንገቱን በለው! ዛሬ ሳልገድልህ ከዚህ ቤት አልወጣም!» እላለሁ። የመዝሙር ድምፁ ጣሪያውን፣ የእኔ ጩኸት ግድግዳውን ያንቀጠቅጡታል። ከዚያ የእሱ ጋሻ ተሰበረ። ንጉሡ በአንድ ጉልበቱ ወደቀ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው የነፍሱ መስመር ሳስታ ሳስታ ክር አከለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ! አንድ ምት ብቻ ቀርቶኛል። ሰኞ ጠዋት፣ ሻይ ቤቱ፣ የኤልያስ እጅ አነሣሥ፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ዞረ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ሳዶ በሁለት እጃቸው እርጥብ ሳር ይዘው ገቡ፤ ሥሩ ላይ ያለው ቀይ አፈር ገና አልረገፈም። መጥተው በመሐላችን ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩና ሳሩን በሁለቱ ላፕቶፖች መካከል፣ ገመዱ ላይ አስቀመጡት።

«በቃ፣ ልጆቼ» አሉ።

በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ እዚያው ላይ ይቆማል። የቱንም ያህል የተበደለ፣ የቱንም ያህል የተቆጣ ቢሆን ያንን ሳር አልፎ እጁን የሚያነሣ የለም። ጎሜ ነው፤ ነውርም ነው፣ እርግማንም ነው። ኤልያስ እሳት እንደነካው ሰው እጁን ከኮምፒውተሩ አንሥቶ ብድግ አለ። ንጉሡ ሜዳው ላይ ተንበርክኮ ቀረ። የሚከላከልለት የለም። የእኔ ጣት ግን አሁንም ቁልፉ ላይ ናት።

አንዲት ጣት። እኔ ደግሞ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ሳሩ እኔን አይመለከተኝም ብል ማን ይፈርድብኛል? እንደዚያን ጊዜ ማሸነፍ የፈለግኩበት ቀን የለም፤ ምራቄን እስክውጥ ድረስ ፈልጌ ነበር። «ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አልኳቸው፣ ድምፄ ልመና ሆኖ። «ሥዕሎች ናቸው!»

«ሥዕል መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ እንደተንበረከኩ። «ዓይኔ ነው እንጂ የታመመው ጭንቅላቴ ደህና ነው። ሥዕሎቹ ዝም ብለዋል። ‹እገድልሃለሁ› ስትባባሉ የሰማሁት እናንተን ነው።»

ቀና ብዬ ኤልያስን አየሁት። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። እኔም ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣቴን ከቁልፉ ላይ ማንሣት አልፈለግኩም። ግን አነሣኋት። ሽማግሌውን በሁለት ወገን ደግፈን ከሲሚንቶው አንሥተን ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ጉልበታቸውን ሳራግፍላቸው አፈርኩ።

ጋሽ ሳዶ ደህናውን ዓይናቸውን እንደገና ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። «እነዚህ ዙሪያውን የቆሙትስ?»

«ሠራዊቱ ነው» አለ ኤልያስ። «መኳንንቱም አሉበት።»

«ምን ይጠብቃሉ?»

«አንዳቸው እስኪሞት።»

ጣታቸውን ሜዳው ላይ አሳረፉ። «ሜዳው እኮ ሙሉ ሳር ነው» አሉ። «ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ የሚነጭ ጠፋ?»

ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች የፈረሱን ኮቴ ሳይቀር አስበውለታል፤ ዕርቅን ግን ዘንግተውታል። ብዙም ሳይቆይ ሠራዊቱ ያጓራ ጀመር። «የሲቀላ ንጉሥ ፈሪ ነው!» አለ ስክሪኑ፤ ወዲያው ደግሞ «የሴቻ ንጉሥ ፈሪ ነው!» አለ። የሁለታችንም መኳንንት ጥለውን ሄዱ። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው፣ ከካርታው ጥግ ገብስ ከመዝራት በቀር ምንም ሲያደርግ አይተነው የማናውቅ አንድ ሞኛሞኝ መስፍን መጥቶ ሁለቱንም ዘውዶች ያለ አንድ ሰይፍ ወሰዳቸው። ሰኞ ሻይ ቤት ጃንሆይ የሚባል ጠፋ። ሁለታችንም ስኳራችንን ራሳችን ጨመርን።

ይህ ከሆነ ወዲህ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን፤ አንድ ሕግ ብቻ ጨምረናል። ከሁለታችን ማንም ቢሆን ወደ ግቢ ወጥቶ ሳር ነጭቶ ከመጣ ጦርነቱ እዚያው ላይ ይቆማል፣ ግንቡም ለየባለቤቱ ይመለሳል። እኔ በዚህ ሕግ እጅግ ደስተኛ ነኝ። እንዲያውም የሰላም ሰው ሆኛለሁ ማለት ይቻላል። ጋሻዬ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ጎተራዬ ጭስ ሲሸተው፣ ኤልያስ እንደ ድሮው ዙሪያዬን ሲከበኝ፣ ወንበሬን ገፍቼ በሩጫ እወጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ሳዶ ለዓይናቸው ክትትል ተመልሰው መጡ። ሕክምናው ተሳክቶላቸዋል፤ ሁሉንም አጥርተው ያያሉ። በረንዳው ላይ ቆመው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። ከማንጎው ሥር ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ ቀይ አፈር ብቻ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ፍየል አስገባችሁ እንዴ?» አሉ።

«አይ አጎቴ» አለ ኤልያስ። «የሲቀላው ንጉሥ ነው።»