ሊቀ ስንብት ሞላልኝ በጃፓን

ካልጋሪ ውስጥ አንድ ተሰናባች የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ተሰናባቹ እሱ ራሱ ነው።

ተሰናባች ማለት ሊሄድ ሲነሳ ገና የመጣ የሚመስል ሰው ነው። ከሶፋው ሲነሳ አንድ ጊዜ ይሰናበታል፤ ጃኬቱን ሲለብስ ይደግማል፤ ጫማውን እያሰረ የልጆቹን ትምህርት ይጠይቃል። ዋናው ወሬ ትዝ የሚለው በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ውጭ አንድ እግሩን ውስጥ አድርጎ ሲቆም ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው። ባለቤቱ የከፈለበት ሙቀት በተከፈተው በር ወጥቶ ሲቲስኬፕ የተባለውን ሰፈር በሙሉ ያሞቃል። በመጨረሻ ሰውየው መኪናው ውስጥ ገባ ስትሉ ደግሞ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል።

ከዚህ ወገን ሁሉ በማዕረግም በጽናትም የላቁት ሊቀ ስንብት ጋሼ ሞላልኝ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኤርፖርት ታክሲ የነዱ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ባርኔጣቸው ሰፊ ሰው ናቸው። መፈክራቸው አንድ ነው፦ «በሉ እንግዲህ፣ አላቆያችሁም!» ይህን ከአፋቸው ከሰማችሁ ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው የጸደይ ወር ከእኚህ ሰው ጋር ጃፓን ሄድኩ። ጉብኝቱ የጃፓንን ሥነ ጥበብ፣ ታሪክና ባህል በመሪ እየታገዙ ማየት ነው። ተጓዦቹ አንድ ሚኒባስ የምንሞላ የካልጋሪ ሐበሾች ነበርን። የጉዞው ቦታ የእናቴ ነበር፤ ጉልበቷ እምቢ ሲላት «ሂድልኝ፣ ሌሊት ስታነብ ቀን ስትተኛ ሻገትክ እኮ» ብላ እኔን ላከችኝ።

ነገሩ ገና ካልጋሪ ኤርፖርት ተጀመረ። ጋሼ ሞላልኝ ቀበቷቸውን አስፈትቶ የፈተሻቸውን የሴኪውሪቲ ሠራተኛ ተመልሰው ሄደው ተሰናበቱት። «ወንድሜ፣ ደክመህልኛል፣ በርታ» አሉት በእንግሊዝኛ። ሰውየው ተጠራጥሮ እንደገና ፈተሻቸው።

«ይኼ ምን አለ!» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ወለተማርያም፣ ወደ እኔ ዞረው። «የሠርጋችን ዕለት እንግዳውን ሁሉ ሲሰናበት ነጋ። ሙሽርነቴ በር ላይ ነው ያለቀው።»

ጃፓን የተቀበለችን መሪ ናካኖ ሳን ትባላለች፤ «ሳን» እንደ እኛ አቶና ወይዘሮ ያለ ማክበሪያ ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። አንድ ነገር ላይ ብቻ ቀልድ አታውቅም። የባቡር ሰዓት ለእሷ እንደ መሐላ ነው። «ባቡሩ አይጠብቀንም» አለችን የመጀመሪያው ቀን በቀስታ። ጋሼ ሞላልኝ እንደ ሕፃን ንግግር በፈገግታ ሰሟት።

ቶኪዮ አንድ ሙዚየም ገባን። በወርቅ በተለበጠ ታጣፊ መከለያ ላይ ሽመላዎች ተስለዋል፤ ክንፋቸውን ሊያርገበግቡ ምንም አልቀራቸውም። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን እነሱን ስናይ ጋሼ ሞላልኝ የሚያዩት ጥግ ላይ በወንበር የተቀመጠችውን የአዳራሹን ጠባቂ ነው።

«ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ እዚህ ስትቀመጥ ማን ያናግራታል? ሁሉ ወፍ ወፉን!» አሉና ሊሰናበቷት ሄዱ።

ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሷት። ልጅቷ ብድግ ብላ ጎንበስ አለች። እሳቸው የባሰ ጎንበስ አሉ። እሷ ከዚያም የባሰ። እንዲህ እያሉ ሁለቱም ወደ ወለሉ ወረዱ። አንድ ሌላ ቱሪስት ካሜራውን ከሽመላዎቹ ላይ አንስቶ እነሱን መቅረጽ ጀመረ። እኔና እትዬ ወለተማርያም በሁለት ክንዳቸው ይዘን አወጣናቸው።

«ይኼ ነው ሕዝብ!» አሉ ደጅ ወጥተው፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ካልጋሪ ስትሰናበተው ስልኩን ያያል!»

«ወገብህስ?» አሉ እትዬ ወለተማርያም።

«ወገብ ምን ይሠራል!»

ይህ ሁሉ እስካሁን ሳቅ ነው። ፊርደውስ ባትኖር ኖሮ ሳቅ ሆኖ ያልቅ ነበር።

ፊርደውስ ካልጋሪ የተወለደች፣ ሸክላ የምትሠራ ልጅ ናት። ቤልትላይን ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ጋር የምትጋራው ትንሽ ዎርክሾፕ አላት። አባቷ «ጭቃ ልታቦኪ ነው እንዴ ካናዳ የወለድኩሽ?» እያሉ ዓመታት ከተሟገቷት በኋላ ስምምነት ላይ ደረሱ። ኪዮቶ አጠገብ በተራራ መንደር የሚኖሩ ሳካታ ሳን የሚባሉ ሽማግሌ ሸክላ ሠሪ አሉ፤ ፎቶ አያዩም፣ ደብዳቤ አይመልሱም፣ ሥራውን በእጃቸው ይዘው ካልሆነ አይናገሩም። ተማሪ አድርገው ከተቀበሏት ትቆያለች። ካልተቀበሏት በመስከረም አካውንቲንግ ትመዘገባለች፤ ሸክላውን ለሁልጊዜ ትተዋለች። ወላሂ ብላለች፤ አባቷም መሐላዋን አይረሱም።

ናካኖ ሳን ስንት ሰው ለምና ቀጠሮ አገኘችላት። ሁላችንም አብረን ሄደን የሽማግሌውን የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ቤት እንጎበኛለን፤ ፊርደውስ ደግሞ ሥራዋን ታሳያለች። ቀጠሮው ለአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ፊርደውስ የሠራችውን እጀታ የሌለው የሻይ ኩባያ በሦስት ካልሲ ጠቅልላ ከካልጋሪ ጀምሮ ጭኗ ላይ ይዛ መጥታለች። አውሮፕላን ላይ ምሳ ሲመጣላት እንኳ ለሰው አላስያዘችውም።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ኪዮቶ ካረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ወጥተን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። የማረፊያው ባለቤት፣ ፀጉራቸው የነጣ ወይዘሮ፣ ከነሠራተኞቻቸው በር ላይ ተሰልፈው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

«እንግዳው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ አይገቡም» አለችን ናካኖ ሳን። «ቀድሞ መግባት ነውር ነው።»

ደግ ልብ ስላላት ይህን ጮክ ብላ ተናገረችው። ጋሼ ሞላልኝ ቆሞ ለሚሸኛቸው ሰው ጀርባቸውን መስጠት አይችሉም። የሁለቱን አገር ሕግ ጎን ለጎን አድርጎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

«አቁም!» አሉ ሾፌሩን። «አሮጊቷን በፀሐይ አቁመን? በሉ እንግዲህ፣ አላቆያችሁም!»

ወረዱ። ባርኔጣ ወለቀ። «ይግቡ እንጂ፣ እርስዎ ቆመው እኔ እንዴት ብዬ እሄዳለሁ!» አሉ በአማርኛ። ወይዘሮዋ በጃፓንኛ መለሱና እስከ ሚኒባሱ በር ድረስ ሸኟቸው። ጋሼ ደግሞ «ብቻዎንማ አይመለሱም» ብለው እስከ ማረፊያው በር መልሰው ሸኟቸው። ወይዘሮዋ እንግዳ ብቻውን አይሄድምና እንደገና እስከ ሚኒባሱ መጡ። ጋሼም እንደገና እስከ ደጁ። ሠራተኞቹ እጃቸውን እያውለበለቡ ናቸው፤ አንዷ እጅ ቀየረች።

«ጋሼ! ፕሊስ!» ፊርደውስ በመስኮቱ ወጥታ ልትወድቅ ደርሳለች። «ባቡሩን ሚስ ልናደርገው ነው! ሲሪየስሊ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ የኔ ልጅ! አንዴ ብቻ!»

ጣቢያው ስንደርስ ባቡሩ ሲወጣ ጅራቱን አየነው። ቀጣዩ ወደዚያ መንደር የሚሄድ ባቡር ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ናካኖ ሳን ወደ ሳካታ ሳን ቤት ልትደውል ስልኳን ይዛ ጥግ ሄደች፤ ማንም አላነሳላትም። ፊርደውስ ኩባያዋን ደረቷ ላይ አቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

«ስንብትህን ይዘህ ጥፋ!» አሉ እትዬ ወለተማርያም ባላቸውን። «የልጅቷን ነገር ገደልከው!»

እኔም አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው እንደ ሰው ዝም ብለው የማይሄዱት?» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ታክሲ ስትነዳ የሰው ፊት አታይም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሲገባ ስልኩን ያያል። ሲወርድ በሩን ድው አድርጎ ይሄዳል። እኔ ካልጋሪን የማውቃት በጀርባዋ ነው።»

ተናድጄ ስለነበር እኔም ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

መንደሩ ስንደርስ ቀጠሮው አልፎ ነበር። የሳካታ ሳን ሚስት የግቢውን በር ከፈቱልን። ትንሽ፣ ጎባጣ ሴት ናቸው። በጣም ዝቅ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ጥፋቱ የእነሱ ይመስል። ሽማግሌው ጠብቀው ጠብቀው ወደ ምድጃ ቤታቸው ገብተዋል። እዚያ ከገቡ ደግሞ ሰው አያነጋግሩም። ነገ? ናካኖ ሳን ጠየቀች። ነገም አይሆንም፤ የቀረ ቀጠሮ አይደገምም።

ፊርደውስ «ኦኬ» አለች። «ኢትስ ኦኬ። ኦኬ።» ካልሲውን ይበልጥ እየጠቀለለች ነበር።

ሁላችንም ልንሄድ ዞርን። ከአንድ ሰው በስተቀር።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ጋሼ ሞላልኝ፤ «አላቆያችሁም።»

«ሞላልኝ!» ጮኹ እትዬ ወለተማርያም። «አሁን? እዚህ? ቤት እንኳ አልገባህ፣ ምኑን ነው የምትሰናበተው?»

ልላችሁ የምችለው ይኼን ነው። ብልሃት አልነበረም። እሳቸው ብልሃት አያውቁም። ለብርድ ሲሉ በር እንደማይዘጉት ሁሉ፣ በሩን የከፈተላቸውን ሰው ለኀፍረት ሲሉ ጥለው መሄድ አይችሉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። የሽማግሌው ሚስት እጅ ነሱና እስከ ውጭው መንገድ ሸኟቸው። ጋሼ «አይሆንም እናቴ፣ በዚህ ጉልበት!» ብለው እስከ ቤቱ ደረጃ መለሷቸው። ሴትየዋ እንደገና እስከ መንገዱ። ጋሼ እንደገና እስከ ደረጃው። ጎረቤት መስኮት ከፈተ። አንድ ውሻ ተከትሏቸው አብሮ መመላለስ ጀመረ።

እኔ በኀፍረት የተራራውን ዛፍ እያየሁ ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያያቸው ሌላ ሰው ነው። ሽማግሌው ወጥተዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው፤ ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት ነው። ናካኖ ሳን በሹክሹክታ ነገረችኝ። ሚስቱ እንግዳ እየሸኘች የቤቱ ጌታ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ያውም ጎረቤት እያየ፣ ነውር ነው።

ሳካታ ሳን ጎንበስ አሉ። ጋሼ ሞላልኝ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ በብብታቸው ሥር ወደ ፊርደውስ እያዩ፣ «አንቺ! ምን ይገትርሻል? ተሰናበቺ እንጂ! ባዶ እጅሽን ነው?» አሏት።

ፊርደውስ አንድ ካልሲ ፈታች፣ ሌላውን፣ ሌላውን። ኩባያውን በሁለት እጇ አቀረበች። የመሰነባበቻ ስጦታ በሁለት እጅ ሲቀርብ አለመቀበል አይቻልም፤ ይኼ ደንብ የእነሱም ነው የእኛም። ሽማግሌው ጭቃቸውን ልብሳቸው ላይ ጠርገው ተቀበሏት።

ገለበጡት። ውስጡን አላዩም፤ መቀመጫውን ነው ያዩት። በጥፍራቸው መታ አድርገው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ።

«መቀመጫው ከብዷል ይላሉ» አለች ናካኖ ሳን። «ለምን እንዲህ አከበድሽው?»

«ምክንያቱም...» ፊርደውስ ኩባያውን አየችው። «ላይክ፣ እንዳይወድቅ ፈርቼ።»

ናካኖ ሳን ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ኩባያውን ዳግመኛ አዩት፤ ፊርደውስንም አዩአት። ፊታቸው አልተፈታም።

«ነገ ጠዋት ትምጣ፤ የሚቆሽሽ ልብስ ለብሳ። ፍርሃቱን እናሳንሰዋለን ይላሉ» አለች ናካኖ ሳን፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ።

እትዬ ወለተማርያም እልል አሉ። ውሻው ጮኸ። ጋሼ ሞላልኝ አሁንም ጎንበስ እንዳሉ ናቸው፤ ወገባቸው ተይዞ ነበርና ሁለት ሆነን አቃናናቸው።

ያን ሌሊት መንደሩ ውስጥ አደርን፤ ፊርደውስ ስልክ ደውላ ለአባቷ ነገረች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ባቡር ጣቢያው የሚያደርሰን የመንደሩ ሚኒባስ ከሳካታ ሳን ግቢ በር ላይ ቆመ። እኛ ልንሄድ ነው፤ ፊርደውስ ልትቀር ነው። ገና በማለዳው እጇ ጭቃ ሆኗል። አንድ በአንድ አቀፍናት። ተሰልፈን ጨረስን። ጋሼ ሞላልኝ ግን የሉም።

ሚኒባሱ ውስጥ ናቸው። ከሁሉ ቀድመው ገብተው፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?» አሉ እትዬ ወለተማርያም። «የአገሩን ዘበኛ ሁሉ ስትሰናበት ከርመህ ልጅቷን ትተዋለህ? ውረድ እንጂ!»

«ተዪኝ።»

«ባቡሩን ፈርተህ ነው?»

«የማላውቀውን ሰው እሰናበታለሁ» አሉ ከባርኔጣው ሥር። «ይቺን አልችልም። ተዪኝ በቃ።»

ሞተሩ ተነስቷል። ናካኖ ሳን ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ እኛን አየችን። ከመካከላችን ማንም «እንሂድ» አላለም። እሳቸውን ከየደጁ ስጎትት የከረምኩት እኔም አላልኩም። ናካኖ ሳን ለሾፌሩ አንድ ቃል ተናገረች፤ ሞተሩ ጠፋ።

ጋሼ ሞላልኝ ባርኔጣቸውን አነሱ። ዙሪያቸውን አዩን። ከዚያ የወንበሮቹን ጀርባ እየያዙ፣ ቀስ ብለው ወረዱ።

ፊርደውስ እስከ መንገዱ መጥታ ተቀበለቻቸው። እሳቸው እስከ በሩ መልሰው ሸኟት። እሷም እየሳቀች፣ በክንዷ ዓይኗን እየጠረገች፣ ጭቃውን ግንባሯ ላይ እያደረገች እንደገና ሸኘቻቸው። ከሸለቆው የባቡር ድምፅ መጣ፤ ቀረበ፤ አለፈ።

«የእኛ ነው?» አልኩ።

«የእኛ ነበር» አለች ናካኖ ሳን፣ ወንበሯን ወደኋላ እያዘነበለች።

እትዬ ወለተማርያም ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው ያድሉን ጀመር። «በሉ ብሉ፣ ገና ነው» አሉ በመስኮቱ እያዩ። «እስካሁን ስለ ጤናዋ እንኳ አልጠየቃትም።»